ዲሌይ 16 ላይ ያለፈው ሲስተም ፈተና ላይ ለምን ወደቀ? ታይም ኢንቫሪያንት ነው ወይስ አይደለም?

ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለዚህ ቤት። የሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ ሚድ ውጤት ወጥቶ ሁለት ጥያቄ ላይ ዜሮ አግኝቻለሁ። ሁለቱም «ሲስተሙ ታይም ኢንቫሪያንት ነው ወይስ ቫሪያንት?» ይላሉ፤ ግቤቱን ሳዘገየው ውጤቱ ሳይለወጥ በዚያው መጠን ብቻ ይዘገያል ወይ ማለት ነው። አንዱን ተቀብዬዋለሁ፣ ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በስልክ በአማርኛ ስለምጽፍ ምልክቶቹን እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ፦ «ግ» ግቤት ወይም ኢንፑት፣ «ው» ውጤት ወይም አውትፑት፣ «ነ» የሳምፕሉ (በየተራው የተለካው የሲግናሉ ዋጋ) ተራ ቁጥር፣ «ዘ» ደግሞ ያዘገየንበት መጠን።

አንደኛው ው[ነ] = ግ[2ነ] ነው። እኔ ኢንቫሪያንት ነው ብዬ መለስኩ። ነ ባለበት ሁሉ ነ−ዘ ስከት በሁለቱም መንገድ ግ[2(ነ−ዘ)] መጣልኝ፤ እኩል ናቸው ብዬ አለፍኩ።

ሁለተኛው በየ4 ሳምፕሉ አንዱን ይይዝና የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ ያንኑ ይደግማል። 0ኛውን ሳምፕል በ0፣ 1፣ 2፣ 3 ላይ ያወጣል፤ 4ኛውን በ4፣ 5፣ 6፣ 7 ላይ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ይሄንንም ኢንቫሪያንት ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ በፓይተን ሞከርኩት። ራንደም ሲግናል ሠራሁ፣ በ16 ሳምፕል አዘግይቼ በሲስተሙ አሳለፍኩ። ከዚያ ያልዘገየውን አሳልፌ ውጤቱን በ16 አዘገየሁ። ሁለቱን ስቀናንስ ድፍን ዜሮ! አሳትሜ ለመምህሩ ወሰድኩላቸው። «ቫሪያንት ነው» አሉና ሌላ ክፍል ስለነበራቸው ሄዱ። ኮዱ ነው የዋሸኝ?

ፈጣን መልስ

ቀላል ነው። ቅንፍ ውስጥ ነ በቁጥር ከተባዛች ቫሪያንት። ነ ከቅንፍ ውጪ ከታየች ቫሪያንት። የቀረው ሁሉ ኢንቫሪያንት። ሸምድደሽ ግቢ፣ አትጨናነቂ።

ጋሽ ሽቦ

ፈጣን፣ ሽምደዳህ ለፈተና ማለዳ ይሁን፤ ሁለተኛውን ጥያቄዋን ግን አይነካውም።

ልጄ፣ መጀመሪያ ቃሉን እንያዘው። ታይም ኢንቫሪያንት ሲስተም ማለት ሰዓት ያላሰረ ሲስተም ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። እኛ ጧት 2 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 8 ይለዋል፤ የቀኑን መነሻ እኛ ከንጋት፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ስለምንቆጥር ነው እንጂ ፀሐይዋ ያው ናት። ሲስተሙም እንደዚያ፣ ዜሮን የትም ብታደርጊው ግድ የለውም። ያንኑ ግቤት ዛሬ ብትሰጪው፣ ነገም ብትሰጪው ያንኑ ውጤት ይሰጥሻል፤ የነገው በአንድ ቀን ይዘገያል፣ በቃ።

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄ። ግቤቱ በ0 ላይ ብቻ 1፣ ሌላው ሁሉ 0 ይሁን። ው[0] = ግ[0] = 1፣ ሌላው 0። ጥሩ። ያንኑ ግቤት በአንድ ሳምፕል አዘግዪው፤ አሁን 1 ያለችው በ1ኛው ቦታ ነው። ሲስተሙ ግን የሚያነበው 0፣ 2፣ 4፣ 6ን ነው፣ በኑሮው ጎዶሎ ቁጥር አይቶ አያውቅም። ውጤቱ ሁሉም ቦታ 0። አንዲቷ ድምጥማጧ ጠፋ! ኢንቫሪያንት ቢሆን ኖሮ አንድ እርምጃ ዘግይታ መምጣት ነበረባት። ቫሪያንት ለመሆኑ ይቺ አንዲት ምሳሌ ትበቃለች፣ ሌላ ቀመር አያስፈልግሽም።

ሦስተኛ ዓመት

አመሰግናለሁ ጋሽ ሽቦ። ምሳሌው ገብቶኛል። ግን ቀመሬ የት ጋ ነው የተሳሳተው? እርስዎ ካላስቸገርኩዎት እሱን ቢያሳዩኝ።

ጋሽ ሽቦ

ምን ችግር አለው። የዘገየውን ግቤት ስም ስላላወጣሽለት ነው። ስም አውጪለት፤ «ግ1» በዪው፦

ግ1[ነ] = ግ[ነ−ዘ]

አሁን ሲስተሙ የሚያየው ግ1ን ብቻ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ይሁን አይሁን አያውቅም። ሥራውን ይሠራል፦

ው1[ነ] = ግ1[2ነ]

አሁን ወደ ግ1 ትርጉም ተመለሺ። ቅንፉ ውስጥ ባለው ሙሉ ነገር ላይ ዘ ይቀነሳል። ቅንፉ ውስጥ ያለው 2ነ ነው፤ ስለዚህ

ው1[ነ] = ግ[2ነ−ዘ]

ይሄ አንዱ መንገድ ነው። በሌላው መንገድ የድሮውን ውጤት ወስደሽ ታዘገዪዋለሽ፤ እዚህ ላይ ነው ነ ባለችበት ነ−ዘ የሚከተተው፦

ው[ነ−ዘ] = ግ[2(ነ−ዘ)] = ግ[2ነ−2ዘ]

አንዱ ዘ፣ አንዱ 2ዘ። አይገጥሙም። አንቺ ሁለተኛውን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄደሽ «ተገናኘን» አልሽ፤ ከራስሽ ጋር ነው የተገናኘሽው።

ዝም ብዬ አንባቢ

«ከራስሽ ጋር ነው የተገናኘሽው» 😂 ለሁለት ዓመት ያልገባኝ አሁን ገባኝ።

ኢኮ ቀንስ

እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፣ ሠርግና ስቱዲዮ። ሂሳቡ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ በካሴት አውቀዋለሁ። ቀበቶው የላላ ቴፕ 5 በመቶ ዘግይቶ ሲሽከረከር ዘፈኑ መወፈሩ ብቻ አይደለም። ካሴቱ ላይ 60 ሰከንድ ባዶ ትተህ ብትቀዳ፣ ያ 60 ሰከንድ ሲጫወት 63 ገደማ ይሆናል። ያዘገየኸውና የሚዘገየው ልክ አይገጥምም ማለት ነው። ትክክል ነኝ?

ጋሽ ሽቦ

እጅግ ትክክል። የእሷ ሲስተም ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት የሚሮጥ ቴፕ ነው፤ 60ው 30 ይሆናል።

ኮድ በሌሊት

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፣ እኔ ጋ ገና ቀን ስለሆነ ጊዜ አለኝ። እህቴ፣ ኮድሽ አልዋሸሽም። የጠየቅሽውን መለሰልሽ። ችግሩ የጠየቅሽበት ቁጥር ነው፦ 16።

በእጅ እንሥራው። ግቤቱ ከ0 እስከ 7 ይሄ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ 0፦

3, 8, 1, 6, 9, 2, 7, 5

ሲስተሙ 0ኛውንና 4ኛውን ይይዛል፤ ውጤቱ፦

3, 3, 3, 3, 9, 9, 9, 9

አሁን ግቤቱን በ4 አዘግዪ፦

0, 0, 0, 0, 3, 8, 1, 6, 9, 2, 7, 5

ውጤቱ አራት 0፣ አራት 3፣ አራት 9። ልክ በ4 የዘገየው የድሮው ውጤት ነው። አለፈ! አሁን ደግሞ በ1 ብቻ አዘግዪ፦

0, 3, 8, 1, 6, 9, 2, 7, 5

0ኛው ቦታ ላይ 0፣ 4ኛው ላይ 6፣ 8ኛው ላይ 5 አለ። ውጤቱ፦

0, 0, 0, 0, 6, 6, 6, 6, 5, 5, 5, 5

3 የት ሄደ? 9ስ? ኢንቫሪያንት ቢሆን 0, 3, 3, 3, 3, 9, 9, 9, 9 መምጣት ነበረበት። ሲስተሙ የራሱ ተራ አለው፤ በየ4 እርምጃው በሩን ይከፍታል፣ ያኔ በሩ ላይ የተገኘው ይገባል። አንቺ በ4፣ በ8፣ በ16 ስታዘገዪ ሁሉም ወረፋውን እንደያዘ ነው የሚደርሰው። ይሄ ዓይነቱ ፔሪዮዲካሊ ታይም ቫሪያንት ይባላል።

የሁለት ፓወር የሆነ ቁጥር ነው ሁላችንም እጃችን ላይ የሚመጣልን፣ 16፣ 64፣ 256። ሲስተሞች ሲግናሉን የሚከፋፍሉባቸው ብሎኮችም ብዙ ጊዜ የሁለት ፓወር ናቸው። ያ ነው ወጥመዱ።

ፈጣን መልስ

ስለዚህ መፍትሔው ፕራይም ቁጥር ነው። ዲሌዩን 7 ወይም 13 አድርጊና ጨርሺ።

ኮድ በሌሊት

በየ7ቱ የሚይዝ ሲስተም ቢመጣስ? 7 ላይ ያልፋል። 14 ላይም፣ 21 ላይም። ፕራይም መሆኑ አያድንም። የሚያድነው 1 ነው። በዲስክሪት ታይም፣ ጊዜው እንደዚህ በሳምፕል ተራ ሲቆጠር፣ ለማንኛውም ግቤት በ1 ማዘግየት ካለፈ፣ የዘገየውን እንደ አዲስ ግቤት ቆጥረሽ ደግሞ በ1 ታዘገዪዋለሽ፣ ያ 2 ነው፤ እንዲህ እያልሽ ሁሉም ጋ ትደርሻለሽ። በ1 ከወደቀ ደግሞ ወድቋል፣ ይግባኝ የለውም።

«ለማንኛውም ግቤት» የሚለውን ግን ልብ በዪ። ራንደም ሲግናል ማለፉ ጥርጣሬን ይቀንሳል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። መውደቅን በአንድ ምሳሌ ታረጋግጫለሽ፤ ማለፍን የምታረጋግጪው በወረቀት ነው።

ሌላም ነገር፦ ያዘገየሽው በነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) «ሮል» ከሆነ ተጠንቀቂ። እሱ ከጅራት የወጣውን በራስ ያስገባል። ከፊትም ከኋላም በቂ ዜሮ አድርጊ፣ አለዚያ በአንዱ ጥያቄ ኢንቫሪያንቱን ቫሪያንት፣ በሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይልሻል።

ሦስተኛ ዓመት

«ሮል» ነበር 🙈 አሁን በ1 ሞከርኩት። ወደቀ፣ ያውም ክፉኛ። መምህሩን ሳማሁ ዋልኩ።

ሌላ ጥያቄ ላስከትል። ው[ነ] ከ0 እስከ ነ ያሉት ግቤቶች ድምር ከሆነስ? ለአሉታዊ ነ ውጤቱ 0 ነው። በ1 አዘግይቼ፣ «ሮል» ሳልጠቀም፣ ዜሮ ጨምሬ ሞከርኩት፣ አለፈ። መጽሐፉ ግን ቫሪያንት ይላል። ኧረ ምን ይሻለኛል?

ጋሽ ሽቦ

ይሄ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው፣ ደስ ይላል። ኮድሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ከ0 ይጀምራል፤ ከ0 በፊት ያለ ዓለም አይታየውም። ግቤትሽ ከ0 ወዲህ ብቻ ካለ እውነትም ያልፋል።

ግቤቱን −1 ላይ አንዲት 1 አድርጊ፣ ሌላው 0። ሲስተሙ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ አያያትም፤ ውጤቱ ሁሉም 0። በ1 አዘግዪው፣ 1ዋ 0 ላይ ደረሰች። ውጤቱ 1, 1, 1, 1 እያለ እስከ ዘላለም። የመጀመሪያው ውጤት ባዶ ሆኖ ሳለ ባዶው ዘግይቶ ይሄ አይሆንም። ድምሩ ከማይነስ ኢንፊኒቲ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ግን ኢንቫሪያንት ነበር። ልዩነታቸው ከታች ያለችው 0 ናት፤ እሷ የታሰረች ሰዓት ናት። በመደመር ፈንታ ኢንቴግራል ቢሆንም ያው።

የመነሻ ሁኔታም እንዲሁ ነው። ው[ነ] = 0.5ው[ነ−1] + ግ[ነ] የሚለውን ውሰጂ። ከእረፍት ከተነሣ፣ ማለትም ግቤት ከመምጣቱ በፊት ውጤቱ 0 ከነበረ፣ ኢንቫሪያንት ነው። ው[−1] = 2 ብሎ የሰጠሽ ካለ ግን ምንም ሳታስገቢ 0ኛው ላይ 1፣ ቀጥሎ 0.5፣ ቀጥሎ 0.25 ይወጣል። ዜሮን ብታዘገዪው ያው ዜሮ ነው፤ ውጤቱ ግን አይንቀሳቀስም፣ 0ኛው ላይ ተቸንክሯል።

ምጣድ አስቢ። ምጣዱ ሳይግል የተጋገረው እንጀራና አሥረኛው አንድ አይደሉም። ሊጡ ያው፣ እጁ ያው፤ የመጀመሪያው ግን ዓይን አያወጣም። ልዩነቱ ከሊጡ ሳይሆን «ምጣዱ ከተጣደ ስንት ደቂቃ ሆነው» ከሚለው ነው።

ኢኮ ቀንስ

በምጣዱ ራበኝ። እኔም ልጠይቅ። ሚክሰር ላይ ያለችው ኢኮ፣ ድምፁን ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ ቀንሳ የምትመልሰው፣ ኢንቫሪያንት ናት ማለት ነው? ትሬሞሎ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ ቫሪያንት። እስከዚህ እስማማለሁ። ኮምፕረሰርና አውቶማቲክ ጌይን ግን በየሰዓቱ ጌይናቸውን፣ ድምፁን የሚያጎሉበትን መጠን፣ ይቀያይራሉ። እነሱም ቫሪያንት ናቸው፣ አይደል?

ፈጣን መልስ

አዎ፣ ጌይኑ ይለወጣል ካልክ አለቀ። ቫሪያንት።

ጋሽ ሽቦ

አላለቀም። እዚህ ላይ ብዙ መሐንዲስም ይሳሳታል።

የሚጠየቀው «ጌይኑ ይለወጣል ወይ?» አይደለም። «በማን ትእዛዝ ይለወጣል?» ነው። ትሬሞሎው ውስጥ የራሱ የሚወዛወዝ ነገር አለ፣ ኤልኤፍኦ የምትሉት። ዘፋኙ ይዝፈን አይዝፈን ይወዛወዛል። አንዱን ቃል አሁን ብትሰጠው ከፍ ሲል፣ ከሩብ ሰከንድ በኋላ ብትሰጠው ዝቅ ሲል ያገኘዋል። ሰዓት አስሯል።

አውቶማቲክ ጌይኑ ግን የሚያየው ድምፁን ብቻ ነው። ድምፁ ጮክ ሲል ይቀንሳል። ያንኑ ቅጂ አሁን ከጸጥታ ተነሥተህ አጫውተው፤ ከ5 ደቂቃ በኋላም እንደገና ከጸጥታ አጫውተው። የቀነሰበት ቦታ፣ የለቀቀበት ቦታ ያው ነው። ስለዚህ ታይም ኢንቫሪያንት ነው። ሊኒየር ግን አይደለም፤ ግቤቱን እጥፍ ብታደርገው ውጤቱ እጥፍ አይሆንም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ኢኮ ቀንስ

አልዋጥልህ አለኝ ጋሽ ሽቦ። እሺ፣ አንዳንድ ሲንተሳይዘር ላይ ቁልፉ በተነካ ቁጥር ትሬሞሎው ከመጀመሪያ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። ያኔስ?

ጋሽ ሽቦ

ያኔማ በእጅህ አሸነፍከኝ ብለህ እንዳታስብ፣ ራስህን ነው ያሸነፍከው! ውዝዋዜው ከቁልፉ ከተነሣ ትእዛዙ ከግቤቱ መጣ ማለት ነው። ቁልፉን መቼም ንካው፣ የሚሰማው ያው ነው። ኢንቫሪያንት ሆነ። ያው ትሬሞሎ፣ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ቀየረችው።

ኢኮ ቀንስ

…ገባኝ። ማብሪያ ማጥፊያዋን ለምን እንደሠሯት ዛሬ ነው የገባኝ።

ኮድ በሌሊት

ለድምፅ ሰው በጆሮና በስፔክትረም (ድምፁ ውስጥ የትኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች እንዳሉ በሚያሳየው) የሚታይ መለያ ልጨምር። 1000 ኸርዝ ንጹሕ ሳይን፣ አንድ ነጠላ ቃና፣ አስገባ።

ሊኒየርም ታይም ኢንቫሪያንትም ከሆነ 1000 ብቻ ይወጣል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ። የሞገዱን ጫፍ ከላይም ከታችም እኩል የሚቆርጥ ዲስቶርሽን ከሆነ 3000፣ 5000 ይጨመራል፤ ሊኒየር አይደለም፣ ግን ኢንቫሪያንት ነው፤ ግቤቱ በየሚሊሰከንዱ ስለሚደገም ውጤቱም በየሚሊሰከንዱ መደገም አለበትና የሚፈቀድለት የ1000 ብዜት ብቻ ነው። በሰከንድ 5 ጊዜ የሚወዛወዝ ትሬሞሎ ግን 995 እና 1005 ያወጣል። 995 የ1000 ብዜት አይደለም። እሷን ካየህ ውስጥ ሰዓት ያሰረ አለ።

በነገራችን ላይ የፎቶ መጨመቂያው ጄፔግም የዚህ ዘመድ ነው። የ1992ቱ (እ.ኤ.አ.) ስታንዳርድ ፎቶውን በ8 በ8 ብሎክ ይከፋፍላል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በአንድ ፒክስል ገፍተሽ ብትጨምቂው ብልሽቱ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በ8 ብትገፊው ግን የመሐሉ ብሎክ እንዳለ ይመጣል። የእህታችን 16 ትዝ አለችኝ።

ዝም ብዬ አንባቢ

ይቅርታ፣ የሞኝ ጥያቄ ይሁንብኝ። ኢንቫሪያንት ሆነ አልሆነ ምን ያደርግልናል?

ጋሽ ሽቦ

የሞኝ አይደለም። ሊኒየርና ታይም ኢንቫሪያንት ከሆነ ሲስተሙን አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» አድርገህ መትተህ የሚመልሰውን ትመዘግባለህ። ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ግቤት ቢመጣ ውጤቱን በኮንቮሉሽን፣ ያንን ምላሽ በየሳምፕሉ እያባዛህና እያዘገየህ በመደመር፣ ታሰላዋለህ፤ ሲስተሙን ዳግመኛ መንካት የለብህም። ኢንቫሪያንት ካልሆነ በየሰዓቱ የተለየ ኢምፐልስ ሪስፖንስ አለውና ሁሉንም መለካት ይኖርብሃል። አዳራሽ ውስጥ ፊኛ አፈንድተው የአዳራሹን ድምፅ የሚቀዱ ሰዎች በዚህ ነው የሚተማመኑት። ሕዝቡ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ግን ልኬቱ ይበላሻል።

ሦስተኛ ዓመት

ፋይናል ላይ ጊዜ ስለሌለ ጋሽ ሽቦ፣ በፍጥነት የሚጥል ዘዴ አለዎት? የፈጣንን ሽምደዳ ፈራሁት።

ጋሽ ሽቦ

አለ፣ ግን ለመጣል ብቻ ነው የሚሆነው። ቋሚ ግቤት አስገቢ፣ ሁሉም ቦታ 1። ቋሚ ነገር ቢዘገይም ያው ራሱ ነው። ስለዚህ ኢንቫሪያንት ሲስተም ለቋሚ ግቤት ቋሚ ውጤት ከመስጠት ውጪ ምርጫ የለውም። ው[ነ] = ነ·ግ[ነ] ላይ ሞክሪው፦ 1, 2, 3, 4 ይወጣል፣ ወደቀ። በኮሳይን የሚያባዛውም ይወድቃል።

ካለፈ ግን ምንም አልነገረሽም። ግ[2ነ] ለቋሚ 1 ቋሚ 1 ይሰጣል፣ ያቺ በየ4 የምትይዘውም እንዲሁ፤ ሁለቱም ግን ቫሪያንት ናቸው። ያኔ ግ1 ብለሽ ስም አውጥተሽ በወረቀት ትገቢበታለሽ።

በይ አንድ ልስጥሽ። ው[ነ] = (−1)^ነ · ግ[ነ]። ከመተኛትሽ በፊት።

ፈጣን መልስ

ነ ከቅንፍ ውጪ ታይታለች፣ ቫሪያንት። አየህ ጋሽ ሽቦ፣ ሽምደዳዬ ሠራ!

ጋሽ ሽቦ

አንተን አልጠየቅኩም 😄

ሦስተኛ ዓመት

ቋሚ 1 ሳስገባ 1, −1, 1, −1 ይወጣል። ቋሚ አይደለም፣ ወደቀ። ደግሞ ለምን ይሄን እንደመረጡ ገብቶኛል፦ በኮድ በ16 ባዘገየው ያልፍ ነበር። ለሁለት በሚካፈል በማንኛውም ቁጥር ያልፋል፣ በ1 ግን ምልክቱ ይገለበጣል።

ጋሽ ሽቦ

ሂጂ ተኚ ልጄ።